«ብዙ አይናገርም» ብለሽ አትዝጊው

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነሽ፤ ልምምድ ላይ ነሽ። አንድ ወጣት ታካሚ ለሳይኮአናሊሲስ (ሰው እየተናገረ ራሱ ያላስተዋለውን ስሜቱን ለሚመረምርበት ሕክምና) ይሆን እንደሆነ ገምግሚ ተባልሽ። «ብዙ አይናገርም፣ ራሴን ያመኛል ብቻ ነው የሚለው፣ አይሆንም» ብለሽ ጻፍሽ። ሱፐርቫይዘርሽ አልተስማሙም። አሁን «ሰው ማንበብ ካልቻልኩ ኤች አር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ብገባ ይሻለኛል?» ትያለሽ።

ኤች አሩን ለጊዜው ተይው። እዚያም ቢሆን ሰው ማንበብ አይቀርልሽም።

ወሬኛውን «ይሆናል»፣ ዝምተኛውን «አይሆንም» ማለት የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። እኛ ጋ ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በራስ ምታት ወይም «ልቤን ያቃጥለኛል» በሚል ነው። አንደበተ ርቱዑ ደግሞ አንዳንዴ ሁሉን ነገር ራሱ ተንትኖ፣ አሽጎ ያመጣልሻል። ለአንቺ የተረፈ ቦታ የለም።

ይልቅ አንድ ነገር ጣል አድርጊና ምን እንደሚያደርግበት እዪ። ወደ ምክር ሥራ ከመዞሬ በፊት ያየሁት አንድ ልጅ (ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ) 20 ደቂቃ አርፍዶ መጣ። «የታክሲ ሰልፍ» አለ። «ባለፈው ስለ አባትህ እያወራህ ነበር ሰዓት ያለቀብን» አልኩት። ሳቀ። ዝም አለ። ቆይቶ፣ «እኔ እንጃ… አባቴም ሁሌ እንዳረፈደ ነበር» አለ። እኔ የፈለግኩት ያንን «እኔ እንጃ» ነው። ስለ ራሱ ለማወቅ ጓጉቷል ማለት ነው።

ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ከእውነታ ጋር ግንኙነቱ የተቋረጠ ወይም ሱስ የያዘው ሰው ግን መጀመሪያ ሌላ እርዳታ ያስፈልገዋል። ጊዜና ገንዘቡንም ጠይቂ፤ ሙሉ ሳይኮአናሊሲስ በሳምንት እስከ 4 እና 5 ቀን፣ ለዓመታት ነው።

የሳይኮአናሊሲስ መሥራች ፍሮይድ ራሱ ባንድ ቀን አይወስንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 በጻፈው ላይ ታካሚውን መጀመሪያ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በሙከራ እንደሚቀበል ይናገራል። (በ1904 ደግሞ ወደ 50 የተጠጋ ሰው አእምሮው አይለመጥም፣ ለዚህ ሕክምና አይመችም ብሎ ነበር። ያኔ እሱ 48 ዓመቱ ነው!) ዶራ ብሎ የጠራት የ18 ዓመት ታካሚው ብልህ ነበረች፤ 11 ሳምንት ያህል ቆይታ በ1900 የመጨረሻ ቀን ጥላው ወጣች። በኋላ ሲጽፍ፣ ልጅቷ በእሱ ላይ ያሳደረችውን ስሜት በጊዜው እንዳላስተዋለ አመነ። ስለዚህ ጥያቄው «እሱ ይሆናል ወይ?» ብቻ አይደለም። «ከእኔ ጋር ይሠራል ወይ?» የሚልም አለበት።

ስለ ሙያው ደግሞ ልንገርሽ፤ ማስተርስ ብቻውን ሳይኮአናሊስት አያደርግም። ሠልጣኙ ራሱ መታከም አለበት፣ በሱፐርቪዥን ታካሚ ያያል፣ ትምህርቱም አለ። ረጅም ነው፣ ውድም ነው። ይህን ዛሬ መወሰን የለብሽም።

ለአሁኑ ሱፐርቫይዘርሽን ሦስት ቀጠሮ እንዲጨምሩልሽ ለምኚ። ልጁን ደግሞ ራስ ምታቱ መቼ መቼ እንደሚብስበት ጠይቂው። ከዚያ ዝም በይ፤ እስኪመልስ ጠብቂ።