ሦስት እጀታ ጠፋ ብለው ስምንቱን አይጣሉ
ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አሮጌ ቤት በሮች ናቸው። የእጀታው፣ የማጠፊያው፣ የቁልፉ ነገር። ዛሬ ሌላውን ሁሉ አቆይቼ እነሱን ልመልስ።

«የገዛነው ቤት 11 የውስጥ በሮች አሉት። በስምንቱ ላይ ክብ የነሐስ እጀታው ከነሳህኑ (ከሥሩ በሩ ላይ ከሚታሰረው ዝርግ ነሐስ ጋር) አለ፤ የሦስቱ ግን ጠፍቷል። አናጢያችን ‹ተመሳሳዩ ስለማይገኝ ሁሉንም በአዲስ ቀይሩት› አለን። ሌላ መላ የለም ወይ?»

አለ! ስምንቱን እባክዎ አይንኩ። አንድ ደህና ናሙና ካለዎት የጎደሉትን ሦስቱን ከእሱ ማሠራት ይቻላል።

የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው ናሙናው እርጥበት ባለው አሸዋ ተጠቅጥቆ ይቀበርና ሲወጣ የተወው ጎድጓዳ ቦታ ላይ የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል። በሌላው ከናሙናው በጎማ ቅርጹ ይወሰዳል፤ በጎማው ውስጥ ሰም ይፈስሳል፤ ሰሙ እሳት የሚችል ሸክላ መሰል ልባስ ይለብሳል፤ ከዚያ ሲጋይ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ነሐሱ ቦታውን ይወርሳል። ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የአንጥረኛ ሥራ ነው። ሳህኑ ቅጠልና ሐረግ የተቀረጸበት ከሆነ በሰሙ ያሠሩት፤ ደቃቁን መስመር ሳይቀር ያወጣል። ልሙጥ ከሆነ አሸዋው ይበቃል።

ሰው የሚጎዳው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል፤ በግምት ከመቶ አንድ ተኩል ያህል። አሮጌውን ዕቃ ራሱን ናሙና አድርገው ካሠሩ ቅጂው ከእናቱ አንሶ ይወጣል። በክብ እጀታ ላይ ያንን ዓይን አያስተውለውም። 18 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ሳህን ላይ ግን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጎድላል፤ ያኔ የቁልፉ ቀዳዳ ከቁልፉ አፍ፣ የብሎኑ ቀዳዳ በእንጨቱ ላይ ካለው አሮጌ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። እኔም ይህን ሳላውቅ ለራሴ ቤት አራት ሳህን አሠርቼ አንዱም በሩ ላይ አልቀመጥ ብሎኝ ያውቃል፤ ውበታቸውን እያየሁ አንጀቴ ነው ያረረው። ስለዚህ ሥራውን ከመስጠትዎ በፊት ባለሙያውን «መሸማቀቁን በምን ታካክሰዋለህ?» ብለው ይጠይቁት። ናሙናውን በ3ዲ ስካነር አንስቶ፣ በመጠኑ አሳድጎ፣ በ3ዲ ማተሚያ ሌላ ናሙና ማውጣት አንዱ መልስ ነው። ሳህኑን ያለ ቀዳዳ አውጥቶ ቀዳዳዎቹን በኋላ በትክክለኛው ልክ መብሳትም ይቻላል፤ ጠርዙ ጥቂት ቢያንስም በሩ ላይ ይገጥማል። ጥያቄዎ ግራ ካጋባው ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።

«እጀታዬ ነሐስ ይሁን ወይስ በላዩ ላይ ቀለም የተነከረ ብረት፣ እንዴት ልወቅ?»

ማግኔት ያስጠጉበት። ከያዘው ውስጡ ብረት ነው። ካልያዘው ገና አልተረጋገጠም፤ ርካሽ የዚንክ ውህድም በማግኔት አይያዝም። ከጀርባው፣ ሰው በማያየው በኩል፣ በሞረድ ጥቂት ይፋቁት፤ ቢጫ ከወጣ ነሐስ ነው፣ ግራጫ ከወጣ ዚንክ። ፈካ ያለ ቀይ ቡናማ ከሆነ መዳብና ቆርቆሮ የተዋሃደበት ብሮንዝ ሊሆን ይችላል፤ ነሐሱ ግን መዳብና ዚንክ ነው። ለሚያሠሩት ሰው ይህን አስቀድመው ይንገሩት፣ ውህዱ ካልተመሳሰለ ቀለሙም አይመሳሰልም።

«ማጠፊያዎቹ አምስት ስድስት ጊዜ ቀለም ተቀብተው ቅርጻቸው ጠፍቷል። ባለቤቴ በእሳት ላቃጥለው ይላል።»

አይሞክረው! በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተለመደ ነበር፤ አሜሪካ እንኳ ለቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በእሳት ሲቃጠል ጭሱ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ለትንንሽ ልጆችና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ማጠፊያውን ፈትታችሁ ምግብ ዳግም በማይሠራበት አሮጌ ድስት ውስጥ፣ በውሃና በጥቂት ቤኪንግ ሶዳ፣ ሳይንተከተክ ለሰዓታት በዝግታ አሙቁት። ቀለሙ እንደ ቆዳ ይላቀቃል። በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ እርጥብ እንዳለ አንሱት፤ የተላቀቀውን በከረጢት አስራችሁ አስወግዱ፣ ውሃውን ግቢ ውስጥ አትድፉት። ከሥር የሚወጣውን ስታዩ ምናልባት አዲስ የማሠራቱ ሐሳብ ራሱ ይቀራል። ብዙ ሰው ጠፋ ያለው ቅርጽ ከቀለሙ ሥር በደህና ተቀምጦ አይቻለሁ።

«ያሠራሁት እጀታ ከአሮጌዎቹ ጎን ሲቀመጥ እንደ መብራት ያበራል። ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ ቫርኒሽ ተቀብቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከተቀባ በቀለም ማስለቀቂያ ያስለቅቁት፤ ቫርኒሽ ያለበት ነሐስ ወዝ አያወጣም። ከዚያ የሚሻለው መታገስ ነው። በየቀኑ እጅ የሚነካው እጀታ በወራት ውስጥ ይበስላል፤ የሚነካበት ቦታ ደምቆ ጥጉ ይጠቁራል። ያንን መልክ በኬሚካል ማስመሰል ከባድ ነው።

መታገስ የማይችሉ ከሆነ ቅባቱን በደንብ አጥበው፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከአሞኒያ ፈሳሽ በላይ አንጠልጥለው በትነቱ ያጥኑት፤ በየሰዓቱ እያዩ። ከቤት ውጭ ይሥሩት፣ ከበረኪና ጋር በፍጹም አይገናኝ። ከስስ ነሐስ ተቀጥቅጠው የተሠሩ ሳህኖችን ግን አሞኒያ ሊሰነጥቃቸው ስለሚችል በዚህ መንገድ አያጥቁሯቸው።

«ነሐሱን ራሴ በጓሮ ማቅለጥ እችላለሁ?»

ልምድ ከሌለዎት ይተዉት። በውስጡ ያለው ዚንክ የሚፈላው በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ መዳብ ደግሞ የሚቀልጠው በ1,085 ነው። የዚንኩ ጭስ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል።

«የፊት በራችን ትልቁ አሮጌ ቁልፍ አይዞርም። ጥበቃውም አይበቃም ይሉናል። አውጥተን እንጣለው?»

ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አልዞር ያለበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለች ስስ ምላስ መሰል ሞላ መሰበሯ ወይም ዘይት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ መያዙ ነው። ሽፋኑን ከመክፈትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት፣ በከፈቱ ቁጥርም እንደገና። ሞላዋን ከሞላ ብረት ቆርጦ መተካት ለሠለጠነ እጅ አጭር ሥራ ነው። መክፈቻው ጠፍቶ ከሆነም የቁልፉን ቤት ልኮ መክፈቻውን ብቻ ማስቀረጽ ይቻላል።

ጥበቃው ግን እውነት ነው። ቁልፉን የሚያግዱት የማይንቀሳቀሱ የብረት ጥርሶች ብቻ ከሆኑ በተጠመዘዘ ሽቦ ይከፈታል። የተሻሉት፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ባሮን እ.ኤ.አ. በ1778 ያስመዘገበውን ስልት ተከትለው የመጡት፣ ውስጣቸው በመክፈቻው ጥርስ ከፍታ ልክ የሚነሱ ጠፍጣፋ የብረት ምላሶች አሏቸው። ዛሬ የምናውቀው ባለ ሲሊንደሩ ደግሞ የአሜሪካዊው ቁልፍ ሠሪ የሊነስ ዬል ልጅ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከሠራው የመጣ ነው። የእኔ ምክር አሮጌውን ጠግኖ በቦታው መተው፣ ከፍ ብሎ ባልተነካ እንጨት ላይ አዲስ ሲሊንደር መጨመር ነው። የአሮጌውን ሳህን እየበሱ አዲሱን በውስጡ ማሳለፍ ግን የማይመለስ ጥፋት ነው።

«ለሚሠራልኝ ሰው ናሙና መላክ አልችልም፣ በሩ ላይ ያለው ብቻ ነው የቀረኝ። ምን ምን ልለካ?»

በካሊፐር (ውፍረትን በጥንቃቄ በሚለካው መሣሪያ)፣ በሚሊ ሜትር፦ ከበሩ ጠርዝ እስከ እጀታው ዘንግ (በሩን አቋርጦ ሁለቱን እጀታ የሚያገናኘው ብረት) መሐል፤ ከዘንጉ መሐል እስከ ቁልፉ ቀዳዳ መሐል፤ የዘንጉን ውፍረት (በብዙ አውሮፓ ሠራሽ ዕቃዎች 8 ነው፣ ግን አይገምቱ)፤ የበሩን ውፍረት። ዘንጉ ጥርስ ያለው መሆን አለመሆኑን፣ በሩም ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ የሚከፈተው ይጻፉ። ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጠው ፊት ለፊት ፎቶ ያንሱ።

ብሎኖቹንም አይርሱ። መስቀል ያለው የካቻቢቴ ብሎን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠራ በር ላይ አንድ መስመር ያለውን የነሐስ ብሎን ያሠሩ። ኦክ በመሰለ ጠንካራ እንጨት ላይ ብረት ብሎን ካስገቡ ዙሪያው ይጠቁራል። የነሐስ ብሎን ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ አንገቱ ይበጠሳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ በተመሳሳይ መጠን የብረት ብሎን መንገዱን ይክፈቱለት፣ ያንን አውጥተው ነሐሱን ሰም ቀብተው በእጅ ያስገቡት።