«ጽናት» ይሻላል ወይስ «የመቋቋም አቅም»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ በካንሰር ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ ኮነርና ዴቪድሰን የተባሉ ባለሙያዎች ያዘጋጁትን የ«ሬዚሊየንስ» (ችግር ሲመጣ ተቋቁሞ መልሶ የመነሳት ችሎታ) መለኪያ በአማርኛ ልጠቀምበት አስቤ ትርጉሙን እየሞከርኩ ነው። አማካሪዬ ቃሉን «ጽናት» በዪው ይሉኛል፤ ጓደኛዬ «አይበገሬነት» ትላለች፤ እኔ «የመቋቋም አቅም» ብያለሁ። ለሙከራ «ከሕመም ወይም ከሌላ ችግር በኋላ ቶሎ አገግማለሁ» የሚለውን ከአለታ ወንዶ ለመጡ አንዲት እናት ባነብላቸው፣ «እሱን ሐኪሙ አይደል እንዴ የሚያውቀው?» አሉኝ። የቱ ነው ትክክሉ? ደግሞስ ታካሚውን «አንቺ» ወይም «አንተ» ልበል፣ ወይስ «እርስዎ»?

መልስ፦ እኚያ እናት የጠየቋቸውን በትክክል ነው የመለሱት። «ማገገም» አማርኛ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ለገላ ነው፤ ካንሰር ክፍል ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ሌላ ትርጉም የለውም። ጥያቄው ስለ ሰውየው ጠባይ መሆኑ ቀርቶ «ትድኛለሽ ወይ?» ሆኖ አረፈው። ስለዚህ መልሴን ከስሙ በፊት ከዐረፍተ ነገሩ ብጀምር በወደድኩ፤ ግን የጠየቁት ስሙን ነውና ከእሱው እንነሳ።

«ጽናት» ጥሩ ቃል ነው፤ ስብከት ላይም ስፖርት ላይም ያምራል። ሆስፒታል ግን አይመቸውም። አንደኛ፣ «ጽኑ» ማለት ብርቱ እንደሆነ ሁሉ ከባድም ማለት ነው፤ «ሕመሙ ጸናባት» ስንል ባሰባት ማለታችን ነው፤ «የጽኑ ሕሙማን ክፍል» የሚለው ሰሌዳም ከእርስዎ ክፍል ብዙ አይርቅም። ሁለተኛውና የባሰው ለቅሶ ቤት ነው። ሐዘንተኛን «ጽናቱን ይስጥሽ» ብለን እንሰናበታለን። ወረቀት ይዛ የመጣች ነርስ ታካሚዋን ስለ ጽናቷ ስትጠይቃት፣ ሴትየዋ «ማን ሞተብኝ?» ብትል ወይም ነገሩን ወደ ራሷ ብትወስደው አይፈረድባትም። አማካሪዎን በአክብሮት እንዲህ ይበሏቸው።

«አይበገሬነት» የመንግሥት ሰነድ ቃል ነው። «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ሲባል ሰምተናል። ኢኮኖሚው አይበገር፣ ሰው ግን ይበገራል፤ ማታ አልቅሳ ጠዋት ለኬሞ (ለካንሰር መድኃኒቱ) የምትሰለፍ ሴት አይበገሬ ነሽ ወይ ብትባል «አይደለሁም» ትላለች፤ ልንለካው የፈለግነው ግን ያንኑ ጠዋት መነሳቷን ነበር። «ጥንካሬ» ደግሞ ክብደት ቀንሶ ደረጃ መውጣት ላቃተው ሰው ስለ ጉልበቱ የቀረበ ጥያቄ ነው። እለፉት።

የእርስዎ «የመቋቋም አቅም» ከሁሉም ይሻላል፣ ግን ለርዕሱና ለጥናቱ ጽሑፍ ብቻ፦ «ሥነ ልቦናዊ የመቋቋም አቅም»። ታካሚው ፊት በሚነበቡት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ስሙን ጨርሶ አያስገቡት። መለኪያው ራሱ ስለ ስሙ አይጠይቅም፤ ሰው ምን እንደሚያደርግና እንደሚሰማው ነው የሚጠይቀው። አማርኛም በግሥ ሲነገር ነው ነፍስ የሚዘራው።

አሁን ዋናው ወጥመድ ወደሚመስለኝ ልምጣ፤ «ቻለ» የሚለው ግሥ ነው። ከመለኪያው መስመሮች (ለታካሚው ከሚነበቡት ዐረፍተ ነገሮች) አንዱ የሚመጣውን ሁሉ መወጣት ስለመቻል ነው። ይህንን «የመጣውን ሁሉ እችለዋለሁ» ብለው ቢጽፉት አማርኛው ለጆሮ ያምራል፣ ልኬቱ ግን ይበላሻል። «መሥራት እችላለሁ» ሲባል አቅም ነው። «ብርዱን አልቻልኩትም»፣ «ስንቱን ችዬ ኖርኩ» ሲባል ግን መሸከም ነው፤ «ቻይ ሴት» የምንላትም ጥርሷን ነክሳ «ሆድ ይፍጀው» ብላ የምትኖረውን ነው። ከሕመሙ ጋር ታግሎ ቀኑን የሚያስኬድ ሰውና ሕመሙን ለማንም ሳይናገር ውጦ የተቀመጠ ሰው ለ«እችለዋለሁ» እኩል «አዎ» ይላሉ። እንዲያውም ሁለተኛው ሳይበልጥ አይቀርም፤ ቻይነት በእኛ ዘንድ ምስጋና ነዋ! አንዱን ሐኪም ቤቱ ሊያበረታታው፣ ሌላውን ደግሞ ቀስ ብሎ ሊያናግረው ይገባ ነበር፤ ነጥቡ ግን አንድ ዓይነት አደረጋቸው። እኔ ብሆን «የሚገጥመኝን ነገር ሁሉ እንደ አመጣጡ መወጣት እችላለሁ» እላለሁ። «መወጣት» ሲጨመር «መቻል» ወደ አቅም ይዞራል።

ለ«አገግማለሁ»ም እንዲሁ ይሞክሩ፦ «ሕመም ወይም ሌላ ችግር ሲያጋጥመኝ፣ ብዙም ሳልቆይ መንፈሴ ይረጋጋል»። «ቀልቤ ይመለሳል» ማለትም ይቻላል፤ ለወሬ ያምራል፣ ለመጠይቅ ግን የደነገጠ ሰው የሚለው ይመስለኛል። የመለኪያው ባለቤቶች ያለ ፈቃድ መተርጎምን ስለማይፈቅዱ እንዲህ ያለውን ለውጥ ምክንያቱን ጽፈው ያስጸድቁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ይህ መለኪያ 25 መስመር አለው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይታረማል፤ ድምሩ እስከ 100 ይደርሳል። መጀመሪያ ሲዘጋጅ መስመሮቹ በተቀራራቢነታቸው በአምስት ጎራ ተከፍለው ነበር፤ ቻይና ውስጥ ተተርጉሞ ሲፈተሽ ግን ሦስት ጎራ ሆኖ ነው የወጣው። ሐዋሳ ላይም እንደ መጀመሪያው ይሰለፋል ብለው አስቀድመው አይደምድሙ። በተለይ አንድ መስመር አለ፤ መላ ሲጠፋ አንዳንድ ጊዜ ዕድል ወይም ፈጣሪ ይረዳል የሚል። ይህንን ለአንድ አማኝ ሲያነቡለት ሁለት ቦታ ላይ ይቆማል። «ዕድል ወይም ፈጣሪ»? ሁለቱ እንዴት በ«ወይም» ይቀመጣሉ? «አንዳንድ ጊዜ»ስ? ሁልጊዜ ነው እንጂ! ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሙስሊሙም ሙሉ ነጥብ ከሰጠበት ደግሞ መስመሩ ማንንም ከማንም አይለይም። ቢቻል «ፈጣሪ» የሚለውን ይያዙ፣ ለሁሉም ይሆናል። የዚሁ መለኪያ ባለ 10 መስመሩ አጭር ቅጂ ግን ይህንን አልያዘም፤ ለደከመ ሰውም አጭሩ ይሻላል።

መልስ መስጫውን ሳይጠይቁኝ ልናገር። ብዙ ትርጉሞች ላይ «አልፎ አልፎ» እና «አንዳንዴ» ተከታትለው ተጽፈው አያለሁ። የቱ ነው የሚያንሰው? እኔም አላውቀው፣ ታካሚውም አያውቀው። ለትንሹ «ከስንት አንዴ» ይበሉ፤ የማይገባው አማርኛ ተናጋሪ የለም። ስለዚህ «ፈጽሞ፣ ከስንት አንዴ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል»። መለኪያው ስለ ባለፈው አንድ ወር ስለሆነ የሚጠይቀው፣ ይህንንም በየገጹ ያስታውሷቸው፤ ኬሞ የወሰዱበት ሳምንትና ትንፋሽ ያገኙበት ሳምንት መልሳቸው አንድ አይሆንም። «እንዴት ሰነበቱ?» ብለው ከጀመሩም «ተመስገን» የሚለው መልስ ተከትሎ ወደ መጠይቁ ይገባል፤ ሰላምታውን በሰላምታነቱ ጨርሰው፣ ትንሽ ቆይተው ይጀምሩ።

«አንቺ» ወይስ «እርስዎ» ላሉት፦ ታካሚው ራሱ የሚያነበው ከሆነ በአንደኛ መደብ ይተዉት፤ «እችላለሁ» ወንድም ሴትም አይለይም፣ ምንም ችግር የለው። እርስዎ የሚያነቡላቸው ከሆነ ግን «ይችላሉ» ይሆናል፣ «ይችላሉ» ደግሞ «እነሱ»ም «እሳቸው»ም ሊሆን ይችላል። «ቤተሰቦቼን ነው የምትይኝ?» የሚል አይጠፋም። በየመስመሩ መግቢያ «እርስዎ» የሚለውን ያስቀምጡ። ለወጣቱም ይሁን፤ «እርስዎ» የተባለ ወጣት ቢስቅ እንጂ አይቀየምም።

የአለታ ወንዶዋ እናት ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ያስነሱብኛል። የአፍ መፍቻቸው ሲዳምኛ ከሆነ ለሳቸው አማርኛው ራሱ ሁለተኛ ትርጉም ነው። ነርሶች እዚያው በቃል ወደ ሲዳምኛ እየተረጎሙ ሲያነቡ፣ የአንዷ ነርስ «መንፈስ» የሌላዋ «ልብ» ይሆናል፤ በዚህም ከታካሚ ታካሚ የሚለያየው መጠይቁ እንጂ ሰውየው አይሆንም። የሲዳምኛውን ቅጂ ከአማርኛው ሳይሆን በቀጥታ ከመጀመሪያው እንግሊዝኛ ያስተርጉሙት። ከዚያም ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ሁለቱን እንግሊዝኛ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩ። አማርኛውንም እንዲሁ ያድርጉ። ሲያበቃ ለጥቂት ታካሚዎች አንብበው፣ ነጥቡን ሳይሆን «ይህን ስጠይቅዎ ምን መጣልዎት?» ብለው ይጠይቁ፤ ከእኚያው የአለታ ወንዶ እናት ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።