የዶዝ ስሌት፦ የነርሲንግ ተማሪዎች ጠየቁ፣ ሲስተር መለሰች

የዶዝ ስሌት ሒሳቡ ከሰባተኛ ክፍል አያልፍም። በሽተኛ ፊት ሲቆሙ ግን ማካፈልና ማባዛት ይምታታል። ከተማሪዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ቁጥሮቹ ለልምምድ ናቸው። ዋርድ ላይ የምትሠሩት በታዘዘው ኦርደርና በሆስፒታላችሁ መመሪያ ነው።

ሲስተር፣ ፎርሙላውን ሸምድጄዋለሁ። ፈተና ላይ ግን የቱን ቁጥር ከላይ፣ የቱን ከታች እንደማደርግ ይጠፋብኛል። ምን ይሻለኛል?

ሽምደዳውን ተወው። የታዘዘውን እጅህ ላይ ላለው ታካፍላለህ፣ ከዚያ መድኃኒቱ በተበጠበጠበት ሚሊ ታባዛለህ። በቃ። ከዚያ በፊት ግን ገምት። 60 ሚሊግራም ጄንታማይሲን ታዘዘ እንበል። አምፑሉ በ2 ሚሊ ውስጥ 80 ሚሊግራም ይዟል። ግማሽ አምፑል 40 ነው፣ ሙሉው 80። ስለዚህ መልሱ ከ1 ሚሊ ይበልጣል፣ ከ2 ያንሳል። አሁን አስላ፦ 60 ሲካፈል ለ80፣ 0.75። በ2 ሲባዛ 1.5 ሚሊ። ከግምትህ ጋር ገጠመ። ቁጥሮቹን ገልብጠህ ቢሆን ኖሮ 2.67 ይመጣልህ ነበር፣ ወዲያው ትነቃ ነበር። ሳይገምት የሚያሰላ ተማሪ ካልኩሌተሩ ያለውን ሁሉ ያምናል። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ለ8 ኪሎ ልጅ ሴፍትሪያክሶን በኪሎ 50 ሚሊግራም ታዟል። ባለ 1 ግራም ቫያል (የዱቄት መድኃኒት ብልቃጥ) ላይ 10 ሚሊ ውሃ ጨምሬ 4 ሚሊ ብሰጥ ልክ ነኝ?

ስሌትሽ ልክ ነው፤ 8 በ50 ሲባዛ 400 ሚሊግራም ነው። ሁለት ነገር ግን አጣሪ።

አንደኛ፣ ኦርደሩ በቀን ነው ወይስ በአንድ ጊዜ? የልጆች መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በኪሎ በቀን ተብሎ ነው፣ ከዚያ ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈላል። "በቀን" የምትለዋን ቃል የዘለለ ሰው ልጁን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ይሰጠዋል።

ሁለተኛ፣ ዱቄቱ ራሱ ቦታ ይይዛል። 10 ሚሊ ስትጨምሪ ጠቅላላው ከ10 ትንሽ ያልፋል። ለዚህ ነው የአንዳንዱ ሴፍትሪያክሶን ማብራሪያ ወረቀት በደም ሥር ለሚሰጠው 9.6 ሚሊ ጨምሩ የሚለው፤ ያኔ በ1 ሚሊ 100 ሚሊግራም ይሆናል። እዚህ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሌሎች ዱቄቶች ላይ፣ በተለይ ለጨቅላ ሲሆን፣ ይሰፋል። ወረቀቷን ከካርቶኑ ጋር አትጣሏት። ሳልጠየቅ ልጨምር፦ ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ከሚሰጠው ፈሳሽ ከሪንገር ላክቴት ጋር አይቀላቀልም። ፈሳሹ ካልሲየም ስላለው ይረጋል።

1000 ሚሊ ፈሳሽ በደም ሥር በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዟል። በደቂቃ ስንት ጠብታ?

መጀመሪያ የኢንፊውዥን ሴቱን (ፈሳሹ የሚንጠባጠብበትን ቱቦ) ማሸጊያ አንብብ። 20 ጠብታ 1 ሚሊ የሚሆንበት አለ፣ 15 አለ፣ 10ም አለ። ማይክሮው፣ ማለትም ትንንሽ ጠብታ የሚያወጣው ሴት፣ 60 ነው። 1000 ለ8 ሲካፈል በሰዓት 125 ሚሊ ነው። በ20ው ሴት ለ3 አካፍለው (60 ደቂቃ ለ20 ጠብታ ሲካፈል 3 ነውና)፣ 42 ገደማ ይመጣል። በ15ቱ ለ4፣ በ10ሩ ለ6 ታካፍላለህ። በማይክሮው ምንም ማካፈል የለም፤ የሰዓቱ ሚሊና የደቂቃው ጠብታ አንድ ቁጥር ናቸው። ከዚያ በሰዓትህ ቆጥረህ አስተካክል። በሽተኛው ክንዱን ሲያጥፍ ፍጥነቱ ስለሚለወጥ ተመልሰህ ቁጠር።

የማዋለጃ ክፍል ተረኛ ነኝ። የማግኒዥየም ሰልፌት ፐርሰንት ሁሌም ያደናግረኛል።

አንቺን ብቻ አይደለም። ፐርሰንት ማለት በ100 ሚሊ ውስጥ ያለው ግራም ነው። 50% ማለት በ100 ሚሊ 50 ግራም፣ ማለትም በ1 ሚሊ ግማሽ ግራም። የኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት የሚያስከትለው መንቀጥቀጥ) የመጀመሪያው የደም ሥር ዶዝ 4 ግራም ነው፣ የሚሰጠውም በ20% ተበርዞ ነው። 4 ግራም ከ50%ው 8 ሚሊ ነው። በ20% ደግሞ 4 ግራም የሚሆነው 20 ሚሊ ላይ ነው። ስለዚህ 8 ሚሊ መድኃኒት፣ 12 ሚሊ ለመርፌ የሚሆን ውሃ። ቀስ ብለሽ፣ ቢያንስ በ5 ደቂቃ።

ቀጥሎ በጡንቻ የሚሰጠው 10 ግራም ነው፤ 5 ግራም በአንዱ መቀመጫ፣ 5 በሌላው። እሱ አይበረዝም፣ በ50%ው ነው የሚሰጠው፤ በየጎኑ 10 ሚሊ። ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ፐርሰንት ያስቧቸዋል። አምፑሉ 50% መሆኑንም በዓይንሽ አረጋግጪ፣ ሌላ መጠን ያለው ሊገባ ይችላል። የሚቀጥለውን ዶዝ ከመስጠትሽ በፊት ደግሞ ትንፋሽ በደቂቃ 16ና ከዚያ በላይ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ ያለ፣ ሽንት በሰዓት 30 ሚሊ ያላነሰ መሆኑን እዪ። የማግኒዥየም ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሳይሆን አጠገብሽ ይሁን።

አድሬናሊን 1 ለ1000 ሲባል ምን ማለት ነው?

1 ግራም በ1000 ሚሊ። ማለትም በ1 ሚሊ 1 ሚሊግራም። 1 ለ10,000 ደግሞ አሥር ጊዜ የቀጠነ ነው። ለአናፊላክሲስ (ለሕይወት አስጊ ለሆነ ድንገተኛ አለርጂ) አዋቂ ሰው በጡንቻ 0.5 ሚሊግራም ከታዘዘለት፣ ከ1 ለ1000ው 0.5 ሚሊ ነው።

ኢንሱሊን ሲሪንጅ አልቆ ቢሆን በተራው 1 ሚሊ ሲሪንጅ መለካት ይቻላል?

አይሞከር። ባለ 100ው ኢንሱሊን (በ1 ሚሊ 100 ዩኒት ያለው) ላይ 10 ዩኒት 0.1 ሚሊ ብቻ ነው፤ ትንሽ መሳት ብዙ ዩኒት ነው። ባለ 40 ኢንሱሊንም አለ፣ ሲሪንጁ ከብልቃጡ ጋር መግጠም አለበት። ስትጽፉ ደግሞ "ዩኒት" ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል ብቻ ከተጻፈ ዜሮ መስሎ 10ሩ 100 ሊነበብ ይችላል። በዚያው፣ ከነጥብ በፊት ዜሮ አትርሱ (0.5)፣ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ደግሞ ዜሮ አትጨምሩ (5 እንጂ 5.0 አይባልም)።

ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ለኤንክሌክስ፣ ለአሜሪካ የነርስ ፈቃድ ፈተና፣ እየተዘጋጀሁ ነው። ፓውንዱ አስቸገረኝ።

ለ2.2 አካፍዪ፤ 44 ፓውንድ 20 ኪሎ ነው። ካልኩሌተር ስክሪኑ ላይ አለልሽ። መሀል ላይ አታጠጋጊ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ጥያቄው ባለው መሠረት።

ኦርደሩ የተሳሳተ ቢመስለኝስ? ዶክተሩ ይቆጣሉ፣ እኔ ተማሪ ነኝ።

ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። ግን አነጋገርም አለው። "ተሳስተዋል" አትበል፤ ቁጥሩን አቅርብ። "ዶክተር፣ ልጅቷ 12 ኪሎ ናት። ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሲሰላ 180 ሚሊግራም መጣልኝ። ኦርደሩ 1800 ይላል። አብረን ብናየው?" አብዛኛው ሰው ያመሰግንሃል። ከተቆጣ ለሄድ ነርሷ ንገር። እስኪጣራ ድረስ መድኃኒቱ አይሰጥም።

ለጥናት ቡድናችን አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ይስጡን።

10 ኪሎ ልጅ፣ ስኳሩ ወርዷል። በኪሎ 5 ሚሊ 10% ግሉኮስ ታዟል። ያላችሁ 20 ሚሊ የሚይዝ የ40% አምፑል ነው። ወረቀት አውጡና ሳታዩ ሥሩ።

መልሱ፦ የሚያስፈልገው 50 ሚሊ ነው፣ በውስጡ 5 ግራም ስኳር አለ። 40%ው በ1 ሚሊ 0.4 ግራም ነውና 12.5 ሚሊ ትወስዳላችሁ፣ 37.5 ሚሊ ውሃ ትጨምራላችሁ። አንድ አምፑል ይበቃል። የተረፈው 7.5 ሚሊ ይደፋል፣ ለቀጣዩ በሽተኛ አይቀመጥም።