«መሐንዲስ ነበርኩ» የሚለው ሰነድ አውጪ በሕግ ዓይን

አዘዞ የሚኖሩ አንባቢያችን የሚከተለውን ጠይቀዋል፦ «ቀድሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበርኩ የሚል ሰው በቴሌግራም የሚለቃቸው ደብዳቤዎች የጎረቤቶቼን ይዞታ ሕገ ወጥ ያስመስላሉ። እኔ መሐንዲስነቱን አላምንም፤ ይህን በአደባባይ ብናገር እጠየቃለሁ ወይ? ቃሉስ በፍርድ ቤት ያስኬዳል?»

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። ሰውየው በዓይኑ ያየውን፣ ማለትም ደብዳቤው ከየትኛው ፋይል እንደወጣና ማን እንደፈረመበት የሚናገር ከሆነ፣ እንደ ማንኛውም የዓይን ምስክር ስለሚታይ መሐንዲስ መሆን አለመሆኑ እምብዛም ለውጥ አያመጣም። «ልኬቱ ተዛብቷል፣ ፕላኑ ተጭበርብሯል» ሲል ግን የሙያ አስተያየት እየሰጠ ነውና የትምህርት ማስረጃውና የሠራበት የሥራ መደብ ሊመረመር ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲመለከትና ምስክሮችን እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል፤ ስሙን ሸሽጎ የሚጽፍ ሰው ግን በመስቀለኛ ጥያቄ ገና አልተፈተነም።

ከላኩልኝ ምስሎች በአንዱ ላይ ክቡ ማኅተም ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቀኑ ግን «ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም.» ይላል። በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ነበረች፤ ስድስት የሆነችው በ2015 ዓ.ም. ነው። የጸሐፊ ስሕተት ሊሆን ስለሚችል ይህ ብቻውን ሰነዱን ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ የደብዳቤው ቁጥር ከመሥሪያ ቤቱ የወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ ጋር መመሳከር እንዳለበት ግን ያሳያል። እኔ ከሰውየው ዲግሪ ይልቅ ለዚህ ማመሳከር ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ፤ ዲግሪ የሌለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እውነተኛ ሰነድ ሊያወጣ፣ ባለ ዲግሪውም ከመካከል የተቆረጠ ገጽ ሊለቅ ይችላልና።

ጥርጣሬዎን መግለጽ መብትዎ ነው። «ዋናው ሰነድ ይቅረብ፣ የሙያ ማስረጃው ይታይ» ማለት ስም ማጥፋት አይደለም። ሳያረጋግጡ «አጭበርባሪ ነው፣ ተከፍሎት ነው» ብለው ካሰራጩ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613፣ በፍትሐ ብሔርም በካሳ ሊጠየቁ ይችላሉ። አደራ የምልዎ ግን ማንነቱን ፈልገው እንዳያጋልጡ ነው፤ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ጎንደር የአንድ ሰው ስም ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም፣ ሕግም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ለጠቋሚዎች ጥበቃ የደነገገው በምክንያት ነው።

ጎረቤቶችዎ የይዞታ ካርታቸውንና የግብር ደረሰኛቸውን ይዘው፣ ደብዳቤው ከመዝገብ ጋር ተመሳክሮ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ለመሥሪያ ቤቱ ያመልክቱ፤ የማመልከቻቸውንም ግልባጭ ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ቀን ተጽፎበት እጃቸው ላይ ያስቀሩ።