ከባህር የተመለሰ የሆይስት ኬብል ለምን ይሻክራል?

ጥያቄ፦ በባህር ጠረፍ ጥበቃ የአየር ጣቢያ የሄሊኮፕተር ቴክኒሻን ነኝ። ከባህር ላይ ሰው የማንሳት ልምምድ በተደረገ ቁጥር የሆይስቱን፣ ማለትም ሰውን ወደ ሄሊኮፕተሩ ስቦ የሚያነሳውን መሣሪያ፣ ኬብል በንጹህ ውሃ እናጥባለን፤ ሆኖም ከመንጠቆው በላይ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ሲዳሰስም ይሻክራል። ጠርገን ብንቀጥልበት ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ የሻካራነቱ ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ በዚያ ኬብል ሰው መነሳት የለበትም። አይዝጌ የሚባለውን ብረት ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ ያለው እጅግ ስስ ሽፋን ሲሆን፣ የባህር ጨው ይህን ሽፋን እየበሳ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይፈጥራል። በሆይስት ላይ የተለመደው ኬብል ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ እያንዳንዳቸው 7 ክር ካላቸው 19 ጉንጉኖች የተሠራ በመሆኑ በውስጡ 133 ቀጫጭን ክሮች አሉ። ጨዋማው ውሃ በክሮቹ መካከል በቀላሉ ይገባል፤ ለመውጣት ግን ጊዜና ብዙ ንጹህ ውሃ ይፈልጋል።

የምጠራጠረው አስተጣጠባችሁን ነው። ኬብሉ እየተጠቀለለ ሳለ ውሃ ማርከፍከፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ እርጥበቱንም ጨውንም ኬብሉ ወደሚጠቀለልበት ድራም ይዞ ይገባል። ባህር የነካውን ክፍል ብቻ ሳይሆን፣ የሮተሩ ነፋስ የሚያስነሳው ፍንጣቂ የደረሰበትን ጭምር አውጥታችሁ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነ ውሃ እጠቡት፤ በጨርቅ አድርቁት፤ ከዚያም የአምራቹ ማኑዋል በሚያዝዘው ክብደት ወጥራችሁ ጠቅልሉት። ላልቶ የተጠቀለለ ኬብል በሚቀጥለው ጭነት ከታችኛው ዙር ውስጥ ይሰረጉዳል። የምታጥቡበት ውሃ ራሱ ጨዋማ አለመሆኑንም አረጋግጡ፤ ይህን ሳያጣራ ወራት ሙሉ በትጋት ያጠበ ቡድን አይቻለሁ።

ለምርመራው በቅድሚያ በአደጋ ጊዜ ኬብሉን የሚቆርጠውን ፈንጂ በማኑዋሉ መሠረት ከአደጋ ነጻ አድርጉ። ጓንት ለብሳችሁ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ በኬብሉ ዙሪያ ላላ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ በዝግታ ሳቡት፤ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ የተበጠሰ ክር ሊኖር ስለሚችል ምልክት አድርጉና በአጉሊ መነጽር እዩት። ውፍረቱንም ካሊፐር በተባለው የውፍረት መለኪያ በተለያዩ ቦታዎች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ነጠብጣቡ ብረት ባልሆነ መፈግፈጊያ ለቅቆ ከሥሩ ለስላሳ ገጽ ከታየ መዝግባችሁ በቅርብ ተከታተሉት። ጉድጓድ፣ መጨማደድ ወይም የጉንጉን መላላት ካያችሁ ግን ኬብሉን ከሥራ አውጡት፤ ስንት የተበጠሰ ክር እንደሚፈቀድ የሚወስነው ማኑዋሉ ነው። ጫፉን ቆርጦ በቀሪው መጠቀምም ማኑዋሉ በግልጽ ካልፈቀደ አይሞከርም።

ችግሩ ከመንጠቆው አጠገብ ብቻ መሆኑ ሁለት ቦታ እንድትፈትሹ ያስገድዳል። አንደኛው ከመንጠቆው በላይ ያለው የጎማ መከላከያ ነው፤ ከሥሩ ውሃ ስለሚያቁር ወደ ላይ ገፍታችሁ ካላጠባችሁት በውጭ ያለው ልፋት ከንቱ ነው። ሁለተኛው የመንጠቆው መሽከርከሪያ ነው፤ ጨው ገብቶበት ከጠጠረ፣ መንጠቆው ላይ ያለው ጭነት ሲዞር ሽክርክሪቱ ወደ ኬብሉ ይተላለፍና ጉንጉኖቹን ይፈታል። ጭነት ሳይኖርበት በጣታችሁ አዙሩት፤ ከያዘ ወይም ከተንገጫገጨ አዲስ ኬብል ከማሰራችሁ በፊት እሱን ቀይሩ።