ነጭ ሽንኩርት ላይ ፍጉን ልተው ወይስ ዩሪያውን?

ከደብረ ብርሃን አካባቢ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አምና አንድ ጥማድ መሬት ላይ ነጭ ሽንኩርት በመስኖ ተክለህ፣ ከበረት የወጣ ትኩስ ፍግ ደፍተህበት፣ ዩሪያ ሦስት ጊዜ ሰጥተኸው ቅጠሉ አምሮ ከሥር የሚቋጥረው ራስ ግን አንሶ፣ የሰቀልከውም ሁለት ወር ሳይሞላው በሰበሰ አልከኝ። የትኛውን ልተው ነው ጥያቄህ። ሁለቱንም አትተው።

ፍግ ቅጠል የሚያሳድገውን ናይትሮጂን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፣ አንተ ደሞ የመጨረሻውን ዩሪያ የሰጠኸው በሦስተኛ ወሩ ነው፣ እና ተክሉ ራስ መቋጠር ሲገባው ከሁለቱም በኩል ናይትሮጂን እየመጣለት ቅጠል ማውጣቱን ቀጠለ። አንገቱ ወፍሮ አልደረቀም፣ ብስባሱም በዛ በኩል ነው የገባው።

ሐምሌ ላይ ፍጉን ከምረህ ዝናብ እንዳያጥበው ላስቲክ አልብሰው፣ በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጥክ እስከ መስከረም መጨረሻ ይብላላ። መብላላቱን በእጅህ ነው የምታውቀው፣ ክንድህን ወደ ክምሩ መሃል ስትከት የሚሞቅ ከሆነ ገና ነው፣ ጨበጥ አርገህ ስታሸተው የእበት ሳይሆን ዝናብ የመታው አፈር ሽታ ካለው ደርሷል። ለጥማዱ 25 ኩንታል ይበቃሃል፣ ጥቅምት ከመትከልህ ሁለት ሳምንት ቀድመህ ከአፈሩ ጋር ቀላቅለው።

ስትተክል 50 ኪሎ ኤንፒኤስ፣ ማለት ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር (ድኝ) ያለበትን ማዳበሪያ፣ ጨምር፣ ይሄን እንዳትተው። ዩሪያ ውስጥ ሰልፈር የለም፣ ኤንፒኤስ ግን 7 ፐርሰንት አለው፣ ያ የሚያቃጥለው የነጭ ሽንኩርት ጉልበት፣ ሰው ለጉንፋን ብሎ ከማር ጋር የሚበላበት ነገር፣ የሚሠራው ከሰልፈር ነው። ገዢ እኮ ፈልጦ ነው የሚያሸተው።

ዩሪያ 25 ኪሎ ብቻ፣ ፍጉም ናይትሮጂን ስላለው። ግማሹን ቡቃያው በወጣ በሦስት ሳምንቱ፣ ግማሹን ከዛ ሌላ ሦስት ሳምንት ቆይተህ፣ ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ቢገረጣብህም እንዳትጨምር። ከመስመሩ ትንሽ ራቅ አርገህ አፈር አልብሰውና ወዲያው ውሃ ልቀቅበት፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይተናል።

አመድ ካለህ መሬት ስታዘጋጅ ቀደም ብለህ በትነው እንጂ ከዩሪያ ጋር በአንድ ባልዲ አታገናኘው። እኔ ሥራውን ስጀምር ቀላቅዬ አይኔ እስኪያለቅስ ሰነፈጠኝ፣ ያ ሽታ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ሲሄድ ነው፣ የዛን አመት ማዳበሪያ በከንቱ ነው የበተንኩት።

የሰጠሁህ መጠን ለመነሻ ነው፣ አፈርህን ማስመርመር ከቻልክ በውጤቱ አስተካክለው። ጥቁር አፈር ከሆነ መደቡን ከፍ አርገው፣ ውሃ ከተኛበት የትኛውም ማዳበሪያ አያድነውም። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን ሲጀምሩ ውሃውን አቁም፣ ከነቀልክ በኋላ ጥላ ስር ዘርግተው፣ ከመስቀልህ በፊት አምስት ስድስት ራስ አንስተህ አንገቱን በጣትህ ጫን ጫን አርገው፣ እርጥበት ከተሰማህ አንድ ሳምንት ጨምርለት።