ሻርፕ ለመሸጥ ስንት ቃል ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጢስ ዓባይ፣ ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ላይ ሻርፕ፣ ነጠላና ቅል እሸጣለሁ። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ፓስት ፐርፌክት ምንድን ነው ቢሉኝ ምሳሌ ጨምሬ እነግርዎታለሁ። ፈረንጅ ፊቴ ሲቆም ግን አፌ ይያዛል። በየቀኑ የእንግሊዝኛ ቃል እሸመድዳለሁ፣ በማግስቱ የለም። የማጠናበትን ደብተር ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ስንት ቃል ባውቅ ነው እንደ ልቤ የማወራው?
ከጢስ ዓባይ

መልስ፦ ደብተርሽን አየሁት እህቴ። «አባንደን»፣ «አቢሊቲ»፣ «አቦሊሽ» እያለ ይወርዳል። መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ገጽ ይዘሽ እየተወጣሽው ነው ማለት ነው። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ሻርፕ ሊገዛ የቆመ ሰው «አቦሊሽ» ብሎሽ ያውቃል? በማግስቱ ቢጠፋብሽ አልፈርድብሽም።

ስንት ቃል ላልሽው፣ ብዙ አይደለም። ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ በ1930 እ.ኤ.አ. ለዕለት ተዕለት ጉዳይ 850 ቃል ይበቃል ብሎ ዝርዝር አውጥቶ ነበር። እኔን ከጠየቅሽኝ ትንሽ ይጠብባል። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ደግሞ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዝኛ ለሚማር አድማጭ በዝግታ የሚያነበው ዝግጅት ነበረው። ዜናውንም፣ ሳይንሱንም፣ ታሪኩንም የሚጨርሱት በ1,500 ገደማ ቃላት ነበር። ደብረ ማርቆስ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ የምከታተለው እሱን ነበር። 12ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ይህን ያህል ቃል የላትም ብዬ አላምንም። የጎደለሽ ቃሉ ተገጣጥሞ፣ እንዳለ አፍሽ ላይ አለመገኘቱ ነው።

እና ከገበያሽ ጀምሪ። ደንበኛው ከመድረሱ በፊት መንደሩ ሁሉ «ዩ! ዩ!» እያለ ይጠራዋል። ይህን ተዪው፤ «አንተ! አንተ!» ተብሎ እንደተጮኸበት ነው የሚሰማው። «ሄሎ፣ ወልከም» ይበቃል። ቀጥሎ እሱ «አይም ጀስት ሉኪንግ» ይልሻል፤ ዝም ብዬ ልይ ማለቱ ነው። አትከተዪው። «ቴክ ዩር ታይም» በዪውና ተቀመጪ። ፈረንጅ ከኋላው የሚከተለው ሰው ሲኖር ቶሎ ይሸሻል። «ሜይቢ ሌተር» ካለሽ ደግሞ አልገዛም ማለቱ ነው፤ በይሉኝታ ነው እንዲያ ያለው። «ኦኬ፣ ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ብለሽ ሸኚው፣ ሲመለስ ቢያልፍ ያስታውስሻል።

ዕቃሽ ላይ ስትደርሺ ጥንቃቄ አለ። «ሻርፕ» እንግሊዝኛ እየመሰላቸው ስንቶች ይጠሩታል። ጣሊያን ከሆነ ይገባዋል፣ በእነሱም ሻርፓ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ስለት ያለው ነገር ይመስለዋል። የእሱ «ስካርፍ» ነው፣ ያውም ፊቱ ላይ «እ» ሳትጨምሪበት። ከዚያ ስለ ዕቃሽ የምትዪው ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይኑርሽ፦ «ኢት ኢዝ ኮተን»፣ «ኢት ኢዝ ሜድ ባይ ሃንድ»፣ ፈትሉ የእናትሽ ከሆነ «ማይ ማዘር ስፓን ዘ ትሬድ»። ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ ይቺ የመጨረሻዋ ትሸጥልሻለች ባይ ነኝ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ። ደንበኛው «ዶንት ዩ ሃቭ ብሉ?» ቢልሽ፣ ሰማያዊ የለሽም ወይ ማለቱ ነው። በእኛ ልማድ «አዎ፣ የለኝም» እንላለን፤ አንቺም «የስ» ብለሽ ዝም ትያለሽ። እሱ ሰማያዊውን እስክታወጪ ቆሞ ይጠብቃል። ከሌለሽ መልሱ ሁልጊዜ «ኖ» ነው፤ «ኖ፣ ሶሪ፣ ኦንሊ ኋይት ኤንድ ግሪን»። ደግሞም አዎ ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ዝም የምንላትን ነገር እንግዳው አያውቃትም፤ የደነገጥሽ ወይም ያመመሽ ይመስለዋል። ዝርዝር ፍለጋ ወደ ጎረቤት ስትሮጪም «አይ አም ካሚንግ» አትበዪ፤ መጣሁ እያልሽ ስትሄዪ ግራ ይገባዋል። «ዋን ሚኒት፣ ፕሊዝ» በዪው።

ሰዓት ከሁሉ የባሰ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ መኪና በ10 ሰዓት ይወጣል እንበል። «አት ቴን» ካልሽው እሱ የሚያስበው ከምሽቱ 4 ሰዓትን ነው፤ እዚያው ያድራል። ስድስት ቀንሺና «አት ፎር» በዪው። የዋጋውን ደግሞ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳዪው፤ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» እንኳን እኛን እነሱንም ያሳስታል።

አጠናኑን በተመለከተ፣ ጎጃም ተወልደሽ ይህን ከእኔ መስማት አልነበረብሽም። የቆሎ ተማሪ የቃል ትምህርቱን ሌሊት በጨለማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያስኬደው። አንቺ በዓይንሽ ስታነብቢ አፍሽ አልሠራም። ከጎንሽ ከምትሸጠው ጓደኛሽ ጋር ገበያ ሲቀዘቅዝ አንዳችሁ ፈረንጅ፣ አንዳችሁ ሻጭ ሁኑ። ፈረንጇ ተከራካሪ፣ ቸኳይ፣ አንዳንዴም ቁጡ ትሁን። ሳቅ ይበዛበታል፤ ይብዛ። ማታ ደግሞ ዛሬ ደንበኛ ፊት የጠፋብሽን አንድ ነገር ብቻ ጻፊና እንዴት እንደሚባል ጠይቂ። የነገ ጥናትሽ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ተፈትና ወደ 9ኛ አልፋለች። እስካሁን አብዛኛውን በአማርኛ ነው የተማረችው፤ አሁን ሁሉም በእንግሊዝኛ ሊሆንባት ነው። እኔ ብዙም ባልችል ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ላናግራት?
ከደጀን

መልስ፦ አይድከሙ፤ በአማርኛዎ ያጫውቷት። ለእሷ የሚያስፈልጋት የፈተና ትእዛዝ ነው፦ «ዲፋይን» (ትርጉሙን ስጪ)፣ «ዲስክራይብ» (ግለጪ)፣ «ኮምፔር» (አወዳድሪ)፣ «ካልኩሌት» (አስሊ)። ትእዛዙ ሳይገባው፣ የሚያውቀውን ጥያቄ ባዶ ትቶ የሚወጣ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። በዚህ ክረምት የ8ኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፏን ትያዝና በአማርኛ ከምታውቀው ስም ጎን የእንግሊዝኛውን ትጻፍ። ብርሃን አስተፃምሮን ካወቀች «ፎቶሲንተሲስ» ላይ የሚቀራት ስሙ ብቻ ነው። መጽሐፉን ለትምህርት ቤት መልሳ ከሆነ ከሰፈር ልጅ ይዋሱላት።